የተነባበረውን ድንጋይ በየንብርብሩ መፈተን፦ የጥልቅ ከርሰ ምድር ውሃ እንቅስቃሴ የሙከራ መመሪያ

አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዳለቀ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በሰከንድ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ፓምፑ የሚገዛው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚዘረጋው፣ ማጠራቀሚያው የሚሠራው በዚያ ቁጥር ነው። ድንጋዩ የተነባበረ ከሆነ ግን ቁጥሩ ስለ ነገ የሚናገረው ጥቂት ነው። ዛሬ 40 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ ከዓመታት በኋላ ምን ያህል እንደሚሰጥ በአብዛኛው የሚወስነው ውሃ የሚሰጠው ንብርብር ሳይሆን ከላዩ የተጋደመው፣ ውሃ የማይሰጠው ንብርብር ነው። ከላይ ያለውን ውሃ ወደ ታች የሚያሳልፈው ወይም የሚከለክለው እሱ ነውና። ስለዚህ ሙከራውን ሲያቅዱ እሱንም ለመፈተን ያቅዱ። ይህ መመሪያ የሙከራ ቡድን ይዘው መስክ ለሚወጡ የውሃ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሱ የባዛልት ላቫዎች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመዋል፤ ወጣት የሆኑትም በላያቸው ተደርበዋል። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል ረጅም ጊዜ ባለፈበት ቦታ የታችኛው ላቫ ፊት ፈራርሶ አፈር ሆኗል፤ ቀጣዩ ላቫ መጥቶ ያንን አፈር አቃጥሎ፣ አቅልቶ ቀብሮታል። በሌላው ቦታ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም የሐይቅ ደለል በመካከል ገብቷል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ የጉድጓድ መስክ ውሃው በብዛት የሚገኘው በተሰነጣጠቀ ባዛልትና መንገድ ሠሪዎች ሬድ አሽ በሚሉት ስኮሪያ ውስጥ ነው። በዚህ ዓይነት መሬት ብዙ መቶ ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ ብዙ ውሃ አዘልና ውሃ አገድ ንብርብሮችን አቋርጦ ያልፋል።

ስሌቱን ለመከተል እንዲመች አንድ ጉድጓድ በምናብ እንያዝ። ጥልቀቱ 400 ሜትር ነው። ከ60 እስከ 230 ሜትር የላይኛው ውሃ አዘል ባዛልት አለ፤ ከ230 እስከ 250 ሜትር ቀይ ሸክላና አመድ፤ ከ250 እስከ 380 ሜትር ደግሞ ልንጠቀምበት የፈለግነው የታችኛው ንብርብር። በዕረፍት ጊዜ የላይኛው ውሃ ከመሬት 52 ሜትር ላይ፣ የታችኛው 54 ሜትር ላይ ይቆማል።

በቁፋሮው ጊዜ

ሙከራው የሚጀምረው ፓምፕ በተጫነ ቀን አይደለም፤ መቆፈሪያው መሬት በነካ ቀን ነው። በየ2 ሜትሩ የሚወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ ያጥቡ፤ ቀለሙንና የቅንጣቱን መጠን ይመዝግቡ፤ ጥልቀቱን ጽፈው በከረጢት ያስቀምጡ። ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ በጣት ሲያሹት የሚለጠፍ ናሙና ካገኙ ከየት ጀምሮ የት እንዳበቃ በጥንቃቄ ይያዙ፤ እንዲህ ያለ ቀጭን ንብርብር በፍርፋሪው መካከል በቀላሉ ይጠፋል። እያንዳንዱን ሜትር ለመቆፈር የፈጀውን ደቂቃ፣ የመቆፈሪያ ፈሳሹ በድንገት የጠፋበትን ጥልቀት፣ የውሃው ከፍታ የተለወጠበትን ሰዓት ይጻፉ። የማሽኑን ኦፕሬተርም ይጠይቁ። ድንጋዩ መቼ እንደላላ፣ መቼ እንደጠነከረ እጁ ያውቃል።

ኬሲንግ ከመውረዱ በፊት የኤሌክትሪክ ሬዚስቲቪቲና የጋማ ልኬት ያስደርጉ። እዚህ ላይ ለእሳተ ገሞራ አገር የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። መጻሕፍቱ ጋማ ከፍ ሲል ሸክላ ነው ይላሉ፤ ሪዮላይትና ኢግኒምብራይት ግን በውስጣቸው ባለው ፖታሲየም የተነሳ ያለ ሸክላም ጋማቸው ከፍ ይላል። የጋማውን መስመር ከፍርፋሪው ናሙና ጋር ሳያስተያዩ አይፍረዱ።

ከዚያ ትልቁ ውሳኔ ይመጣል፤ ስክሪኑ የት ይግባ? ብዙ ውሃ ለማግኘት ሲባል የላይኛውንም የታችኛውንም ንብርብር በአንድ ጉድጓድ መክፈት የተለመደ ነው። እኔ አልመክርም። በምሳሌያችን የላይኛው ውሃ ከታችኛው በ2 ሜትር ስለሚበልጥ ሁለቱም የተከፈቱበት ጉድጓድ ፓምፑ ቆሞ እንኳ ቀን ከሌሊት ውሃ ከላይ ወደ ታች ያወርዳል። የላይኛው ውሃ በመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም በፋብሪካ ፍሳሽ ከተበከለ ብክለቱን ወደ ጥልቁ የሚያደርሰው ራሱ ጉድጓዱ ይሆናል። በሙከራም በኩል ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚገኘው የሁለቱ ድምር ብቻ ነው፤ ድምሩን ደግሞ በኋላ በስሌት መለየት እጅግ ያስቸግራል። ስክሪኑ ከ250 ሜትር በታች ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው የኬሲንግ ዙሪያ በሲሚንቶ ይታሸግ።

ለእያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ፒዞሜትር

ወጪ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ፒዞሜትር ነው፤ ሙከራው በሚሳብበት ጉድጓድ ብቻ እንዲሠራ ይወሰናል። በዚያ መንገድ ውሃ የማስተላለፍ አቅምን በግምት ማወቅ ይቻላል። የማከማቸት አቅምን ግን አስተማማኝ አድርጎ ማወቅ አይቻልም፤ መካከለኛውን ሸክላማ ንብርብር መፈተን ደግሞ ከነጭራሹ አይቻልም። ገንዘቡ ለሁለት መከታተያ ቀዳዳ ብቻ የሚበቃ ከሆነ አንዱን በታችኛው ንብርብር፣ ሌላውን በላይኛው ያድርጉ። ሦስተኛ ከተገኘ በሸክላው ውስጥ፣ በ240 ሜትር ላይ አጭር ስክሪን ያስገቡለት። የላይኛው ንብርብር ገና ምንም ሳይሰማው ሸክላው ውስጥ ያለው ግፊት ሲለወጥ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።

ርቀቱን በተመለከተ ውሃው በግፊት በታፈነበት የታችኛው ንብርብር ለውጡ በፍጥነት ርቆ ስለሚሄድ ከ30 እስከ 100 ሜትር ጥሩ ነው። ለምሳሌያችን 60 ሜትር እንያዝ። የላይኛውንና የሸክላውን ፒዞሜትር ወደ ፓምፑ ቀረብ ያድርጉ፤ ከላይ ወደ ታች የሚደረገው ማስረግ የሚበረታው በዚያ ነው።

የሙከራው ዕጣ የሚወሰነው በማሸጊያው ነው። በፒዞሜትሩ ቧንቧና በቀዳዳው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በቤንቶናይት ወይም በሲሚንቶ በደንብ ካልተዘጋ፣ በኋላ «ሸክላው ውሃ ያሳልፋል» ብለው የሚጽፉት የራስዎን የማሸግ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶውን ከላይ አያፍስሱ፤ በቀጭን ቧንቧ እስከ ታች አውርደው ከሥር ወደ ላይ እየሞሉ ይምጡ። ጊዜ ሰጥተው ከደረቀ በኋላ ይፈትኑት። በላይኛው ፒዞሜትር ውስጥ ጥቂት ጀሪካን ውሃ ባንድ ጊዜ ያፍስሱና ታች ባለው ውስጥ ከፍታውን ይከታተሉ። ታችኛው በደቂቃዎች ውስጥ ከተነቃነቀ ማሸጊያው ቀዳዳ አለው። ሳይጠግኑት ወደ ፊት አይሂዱ።

ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት

ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሁሉንም ፒዞሜትሮች ከፍታ በግፊት መመዝገቢያ ሎገር በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ይመዝግቡ። ያለዚህ መነሻ፣ በሙከራው ጊዜ የሚያዩት የ2 ሴንቲ ሜትር ለውጥ ከፓምፑ ይሁን ከሌላ ነገር አያውቁትም። የሌላው ነገር ግንባር ቀደም የአየር ግፊት ነው። በእኛ አካባቢ የአየር ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ለውጡ ጥቂት ሄክቶፓስካል ነው፤ 1 ሄክቶፓስካል ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የውሃ ከፍታ ነው። በታፈነ ንብርብር ውስጥ የዚህ ከፊሉ በጉድጓዱ ውሃ ላይ ይታያል፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሎገር ከውሃ በላይ፣ በጉድጓዱ አፍ አካባቢ ይስቀሉ፤ አብዛኞቹ ሎገሮች የውሃውንና የአየሩን ግፊት ደምረው ስለሚመዘግቡ ያለ እሱ ማቀናነስ አይቻልም።

ከጥልቅ ንብርብር የሚመጣ ውሃ ሞቃት መሆኑን አይርሱ። ሞቃት ውሃ ቀላል ነው፤ የ35 ዲግሪ ውሃ ከ20 ዲግሪ ውሃ በክብደት ከመቶ 0.4 ገደማ ያንሳል። በምሳሌያችን ከ54 እስከ 250 ሜትር ያለው የ196 ሜትር የውሃ ዓምድ በሙሉ 35 ዲግሪ ቢሆን፣ የታችኛው ከፍታ ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ ከሚቆምበት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ያለው ልዩነት 2 ሜትር ብቻ ሲሆን 80 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ነገር አይደለም። ውሃው ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች ይሄዳል የሚለውን ከመፍረድዎ በፊት በየጥልቀቱ ሙቀት ለክተው ያስተካክሉ።

የጎረቤት ጉድጓዶችን ባለቤቶች አስቀድመው ያነጋግሩ። በሙከራው ሳምንት ወይ ፓምፓቸውን ያቁሙ፣ ወይ ሳያቋርጡ በአንድ መጠን ይሳቡ። እንደ አቃቂ ባለ ከተማ በሚጠጣበት መስክ ማቆም ስለማይቻል ሁለተኛው ይሻላል፤ የሚጎዳው ማብራት ማጥፋቱ ነው።

የሚወጣው ውሃ ቢያንስ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር በቧንቧ ወይም በተነጠፈ ቦይ ወደ ቁልቁለት ይወሰድ። አጠገብ ከፈሰሰ ተመልሶ ሰርጎ የላይኛውን ፒዞሜትር ያሳስታል። በሰከንድ 40 ሊትር ለ72 ሰዓት ሲሳብ 10,368 ሜትር ኩብ ይፈሳል። ይህ ሁሉ ውሃ ጀሪካን ተሸክሞ ሰዓታት በሚጓዝ ሕዝብ ፊት የሚፈስ ነው። ስለዚህ የቀበሌውን ሽማግሌዎች አስቀድመው ሰብስበው ለምን እንደሚፈስ ያስረዱ፤ ለከብት ማጠጫና ለጓሮ እርሻ የሚሆንበትን መንገድ አብረው ያብጁ። ለመጠጥ ግን የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ እንዳይውል በግልጽ ይንገሯቸው፤ በተለይ በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ሊበልጥ ይችላል።

በደረጃ መሳብ

ሰብመርሲብል ፓምፑን ሲያወርዱ ከመውጫ ቧንቧው ጋር ባለ አንድ ኢንች ቱቦ አብረው ይሰሩ። ዲፕ ሜትሩ የሚወርደው በዚህ ቱቦ ውስጥ ነው። ያለ ቱቦው ሽቦው ከኬብሉ ጋር ይጠላለፋል፤ ከግድግዳው የሚንጠባጠብ ውሃም ዲፕ ሜትሩን እየነካ የውሸት ድምፅ ያሰማል።

የመጀመሪያው ሙከራ የደረጃ ሙከራ ነው። በ15፣ በ25፣ በ35 እና በ45 ሊትር በሰከንድ፣ እያንዳንዱን 2 ሰዓት እያቆዩ ይሳቡ። በምሳሌያችን ውሃው በየደረጃው መጨረሻ 5.85፣ 11.25፣ 17.85 እና 25.65 ሜትር ወረደ እንበል። እያንዳንዱን ዝቅታ ለራሱ መጠን ያካፍሉ፤ 0.39፣ 0.45፣ 0.51፣ 0.57 ይመጣል። ቁጥሩ እኩል ቢሆን ኖሮ የውሃው መውረድ ከድንጋዩ ብቻ በሆነ ነበር። እየጨመረ መሄዱ ውሃው ወደ ስክሪኑ ሲገባ በመጋፋትና በመናወጥ የሚባክን ከፍታ እንዳለ ይነግርዎታል። ነጥቦቹን በሥዕል ላይ አድርገው ቀጥ ያለ መስመር ቢያሰምሩ ከ0.30 ይነሳል፤ በየአንዱ ሊትር 0.006 ይጨምራል። በ45 ሊትር ጊዜ ከ25.65 ሜትሩ ውስጥ 12.15 ሜትሩ የጉድጓዱ ብክነት ነው ማለት ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በሚሳብበት ጉድጓድ ውስጥ የሚታየውን ዝቅታ እንደ ድንጋዩ ጠባይ አድርጎ መውሰድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል። ብክነቱን አይተው ለዋናው ሙከራ 40 ሊትር ይምረጡ። ከዚያ ፓምፑን አቁመው ውሃው ወደ ቀድሞ ቦታው እስኪመለስ ይጠብቁ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይፈልጋል።

72ቱ ሰዓታት

ዋናው ሙከራ በአንድ መጠን ሳያቋርጡ መሳብ ነው። ለትልቅ ጉድጓድ 72 ሰዓት የተለመደ ነው። ነዳጁ፣ ተለዋጭ ጀነሬተሩ፣ የሌሊት ተረኛው፣ የእጅ ባትሪው ቀድሞ ይዘጋጅ። በመጀመሪያው ሰዓት ጀነሬተሩ ከቆመ አያስታምሙ፤ ውሃው ተመልሶ ሲያርፍ እንደገና ይጀምሩ። ከአንድ ቀን በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ከቆመ ግን የቆመበትንና የተነሳበትን ደቂቃ መዝግበው ይቀጥሉ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከቀሪው ሙከራ ሁሉ የበለጠ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ጌት ቫልቩ ላይ ይቁም፤ በደረጃው ሙከራ የ35 እና የ45 ሊትሩን አከፋፈት በቀለም ምልክት አድርጎበት ስለነበር ከሁለቱ መካከል ብዙ አይርቅም። ሁለተኛው ዲፕ ሜትሩን ይዞ ጫፉን ከውሃው በታች ያቆየዋል፤ ውሃው ሲወርድ ድምፁ እንደተቋረጠ ሜትሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ወዲያው ጫፉን ዝቅ አድርጎ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሦስተኛው ሰዓቱን ይዞ ይጽፋል። በየ30 ሰከንዱ እስከ 5 ደቂቃ፣ በየደቂቃው እስከ 10፣ ከዚያ በየ5 ደቂቃው እስከ አንድ ሰዓት፣ በየ30 ደቂቃው እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያ በየሰዓቱ። ሎገር ቢኖርም በእጅ መለካቱን አይተዉ፤ በሦስተኛው ቀን የሎገሩ ገመድ መንሸራተቱን የሚነግርዎት የእጅ ልኬቱ ነው።

የሚወጣውን መጠን በቪ ቅርጽ በተቆረጠ መለኪያ ሣጥን መለካት በገጠር መስክ አስተማማኝ ነው። በ90 ዲግሪ ቪ ላይ ውሃው 25 ሴንቲ ሜትር ሲቆም የሚያልፈው በሰከንድ 43 ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ የ5 ሚሊ ሜትር ስህተት 2 ሊትር ያህል ያሳስታል፤ ስለዚህ ማስመሪያው ከቪው አፍ ራቅ ብሎ፣ የውሃው ፊት ሳይጎብጥ በተኛበት ይተከል። መጠኑ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዋዥቅ ቫልቩን በቀስታ ያስተካክሉ።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሊያዩ ይችላሉ። ፓምፑ በተነሳ በመጀመሪያ ደቂቃዎች በሸክላው ወይም በላይኛው ፒዞሜትር ውስጥ ውሃው መውረድ ሲገባው በጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መሣሪያው አልተበላሸም። ከታች ውሃ ሲወጣ ድንጋዩ በትንሹ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ከላይ ባለው ሸክላ ውስጥ ያለውን ውሃ ይጨምቀዋል፤ የግፊቱ መውረድ ራሱ ግን ገና አልደረሰም። ክስተቱ በመጀመሪያ በታየበት የኔዘርላንድስ መንደር ኖርድበርጉም ስም ይጠራል። እንደ ስህተት ቆጥረው አይሰርዙት፤ ሸክላው በእርግጥ ውሃ አጋች መሆኑን ከሚመሰክሩ ምልክቶች አንዱ ነው።

በየ6 ሰዓቱ የውሃውን ሙቀትና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ መጠን በመስክ መሣሪያ ይለኩ። በ1ኛው፣ በ24ኛውና በ72ኛው ሰዓት የላቦራቶሪ ናሙና ይውሰዱ። ሙቀቱ እየቀነሰ ከሄደ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየደረሰ ሊሆን ይችላል፤ እየጨመረ ከሄደ ከሥር ወይም በስንጥቅ በኩል ጥልቅ ውሃ እየመጣ ነው። አቅም ካለ የመጨረሻውን ናሙና ለትሪቲየም ይላኩ። ትሪቲየም በ12.3 ዓመት በግማሽ የሚቀንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ የኑክሌር ሙከራዎች ጊዜ በዝናብ ውስጥ የበዛ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው። በ300 ሜትር ጥልቀት ከተገኘ ቢያንስ የውሃው ከፊል ከዚያ ወዲህ የዘነበ ነው፤ ከላይ የሚመጣበት መንገድ አለ ማለት ነው።

ፓምፑ ሲቆም

ፓምፑ በቆመባት ደቂቃ ሌላ ሙከራ ይጀምራል፤ ቡድኑ ግን ደክሞት ድንኳን መንቀል የሚጀምረው ያኔ ነው። አይፍቀዱ። በማገገሚያው ጊዜ የጀነሬተር መዋዠቅ የለም፤ የጉድጓዱ ብክነትም ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ከሚሳብበት ጉድጓድ የሚገኝ አስተማማኝ ቁጥር ቢኖር ይኸው ነው። ልክ እንደ መጀመሪያው በየ30 ሰከንዱ ጀምረው ቢያንስ 24 ሰዓት ይከታተሉ። ውሃው ወደ ታች ተመልሶ እንዳይፈስ በፓምፑ ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ መሥራቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

በጉድጓዱ ውስጥ ንብርብሮቹን መለየት

እስካሁን የታችኛውን ንብርብር እንደ አንድ ቆጥረነዋል። እሱም ራሱ የተነባበረ ነው። ውሃው ከየትኛው ጥልቀት እንደሚገባ ለማወቅ ፓምፑ እየሠራ ሽክርክሪት ያለው የፍሰት መለኪያ በስክሪኑ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይጎተታል። መለኪያው ከፓምፑ አልፎ የሚወርድበት ክፍተት ከወዲሁ መታሰብ አለበት፤ ጠባብ ኬሲንግ ተመርጦ ከሆነ ይህ ዕድል ተዘግቷል። ከ40 ሊትሩ 26ቱ ከ300 እስከ 320 ሜትር ካለው ክፍል ብቻ ከገባ፣ ከ130 ሜትሩ ውስጥ 20 ሜትሩ 65 በመቶውን ይሰጣል ማለት ነው። ትርጉሙን በስሌቱ ላይ እናየዋለን። ኬሲንግ ባልገባበት ጠንካራ ቀዳዳ ደግሞ በሁለት የሚነፉ የጎማ ማሸጊያዎች አንዱን ክፍል ለይቶ ውሃ በግፊት ማስገባት ይቻላል፤ በግድብ መሠረት ጥናት የተለመደ ነው፤ የሚነግርዎት ግን በቀዳዳው ዙሪያ ስላሉት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው።

ከመስመር ወደ ቁጥር

መሠረቱ ቻርልስ ታይስ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ስሌት ነው። ኩፐርና ጃኮብ በ1946 አቅልለውታል፤ ለመስክም የሚመቸው የእነሱ ነው። የ60 ሜትሩን ፒዞሜትር ዝቅታ በተለመደው ሚዛን፣ ጊዜውን በሎጋሪዝም ሚዛን ያስቀምጡ። ነጥቦቹ ቀጥ ባሉበት ቦታ መስመር ያስምሩ። ጊዜው አሥር እጥፍ ሲሆን ውሃው ስንት ሜትር እንደሚወርድ ያንብቡ፤ 1.5 ሜትር ነው እንበል። 40 ሊትር በሰከንድ በቀን 3,456 ሜትር ኩብ ነው። ያንን በ0.183 አባዝተው ለ1.5 ሲያካፍሉ 422 ካሬ ሜትር በቀን ገደማ ይመጣል፤ ይህ የማስተላለፍ አቅሙ ነው። መስመሩ የዜሮ ዝቅታን የሚነካበት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ከሆነ፣ ጊዜውን ወደ ቀን ቀይረው በማስተላለፍ አቅሙና በ2.25 አባዝተው ለርቀቱ ካሬ ያካፍሉ፤ 0.00009 ገደማ ያገኛሉ። ይህ የማከማቸት አቅም ነው፤ ትንሽነቱ ንብርብሩ በግፊት የታፈነ መሆኑን ያረጋግጣል።

መስመሩን ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦች አያስጀምሩ። በዚህ ፒዞሜትር አቋራጩ ስሌት ልክ የሚሆነው ከ28 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። በሚሳብበት ጉድጓድ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው በኬሲንጉ ውስጥ የተቀመጠው ውሃ ነው። ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ኬሲንግ በዚህ ድንጋይ 20 ደቂቃ ያህል ያሳስታል፤ የማስተላለፍ አቅሙ 20 ካሬ ሜትር በቀን ብቻ በሆነ ደካማ ድንጋይ ግን ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። በደካማ ንብርብር ላይ የሚደረግ የ6 ሰዓት ሙከራ የሚለካው የኬሲንጉን ሆድ ነው።

አሁን ወደ ሸክላው። በምሳሌያችን ከግማሽ ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያህል ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ ከዚያ እየጎበጡ በሁለተኛው ቀን 4 ሜትር ገደማ ላይ ይረጋሉ። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ሲያይ «ጉድጓዱ ረጋ፣ ውሃው የማያልቅ ነው» ይላል። መርጋቱ የሚናገረው የሚወጣው ውሃ ከሌላ ቦታ እየተተካ መሆኑን ነው፤ ከየት እንደሆነ መጠየቅ የእርስዎ ሥራ ነው። ሃንቱሽና ጃኮብ እ.ኤ.አ. በ1955 ለዚህ ባወጡት ዘዴ ነጥቦቹን ሲያስማሙ የማስረጊያ ርዝመት የሚባል ቁጥር ያገኛሉ፤ እዚህ 1,200 ሜትር ነው። ካሬውን ለማስተላለፍ አቅሙ ሲያካፍሉ 3,400 ቀን ያህል ይሆናል፤ ይህ የሸክላው መቋቋም ነው። 20 ሜትር ውፍረቱን ለዚህ ቢያካፍሉ ሸክላው ወደ ታች ውሃ የማሳለፍ ፍጥነቱ በቀን 0.006 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 5 ሜትር ሲደርስ ግን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በቀን 1,460 ሜትር ኩብ ያህል ይሰርጋል፤ በሰከንድ 17 ሊትር ነው። ከ40 ሊትሩ ጋር ያስተያዩት።

መስመሩ ሳይረጋ በተቃራኒው ቁልቁለቱ እጥፍ ከሆነ ግፊቱ የማያሳልፍ ግድግዳ ነክቷል፤ በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ ብዙ ጊዜ የመሬት ስንጥቅ ወይም ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ግድግዳ ነው። እንዲህ ካዩ የጉድጓዱን ዘላቂ መጠን ከሙከራው መጠን በብዙ ዝቅ ያድርጉ።

የማገገሚያውን ቀሪ ዝቅታ ፓምፑ ከተነሳ ጀምሮ ያለውን ጊዜ ከቆመ ጀምሮ ላለው በማካፈል በሚገኘው ውድር ላይ ያስቀምጡት። ውድሩ 1 ሲሆን መስመሩ ዜሮ ላይ ማረፍ አለበት። ገና ውድሩ ከ1 ብዙ በሚበልጥበት ዜሮ ከደረሰ ከሌላ ቦታ ውሃ ገብቷል፤ 1 ላይ ደርሶ ዜሮ ካልደረሰ ንብርብሩ ውሱን ነው።

የፍሰት መለኪያውን ውጤት እዚህ ያስገቡ። 422ቱን ለ130 ሜትር ቢያካፍሉ አማካይ የማሳለፍ ፍጥነት በቀን 3.2 ሜትር ነው። 65 በመቶውን የሚሰጠው የ20 ሜትር ክፍል ግን ለብቻው 13.7 ሜትር ይደርሳል፤ ከአማካዩ አራት እጥፍ ይበልጣል። ለውሃ መጠን ስሌት አማካዩ ይበቃል። ብክለት ጉድጓዱ ጋ መቼ ይደርሳል ለሚለው ግን አማካዩ አደገኛ ነው።

በሪፖርቱ ውስጥ

የላይኛው ፒዞሜትር በ72 ሰዓት ውስጥ ካልወረደ «ንብርብሮቹ አይገናኙም» ብለው አይጻፉ። እንዲህ ባለ 20 ሜትር ሸክላ ውስጥ የግፊት ለውጥ አቋርጦ ለማለፍ አንድ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በሦስቱ ቀናት መስመሩን ያረጋው ውሃ ከሸክላው ከራሱ የተጨመቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ያወጡት የማሳለፍ ፍጥነት ከእውነተኛው ከፍ ያለ ሊሆን እንደሚችልም ይግለጹ። ጥሬ ልኬቱን፣ የእጅ መዝገቡን፣ የአየር ግፊቱን፣ የናሙና ከረጢቶቹን ዝርዝር ከስሌቱ ጋር ያያይዙ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ስሌትዎን ባይቀበል እንኳ ልኬቱን እንደገና ማስላት ይችላል።

ጉድጓዱ ሥራ ሲጀምር ፒዞሜትሮቹን ሲሚንቶ ሞልተው አይድፈኑ። ቁልፍ ያለው የብረት ክዳን ይግጠሙላቸው፤ ሎገሩ በየሰዓቱ እንዲመዘግብ አድርገው ይተዉት፤ በየሦስት ወሩ ሄዶ መረጃውን የሚያወርድና በዲፕ ሜትር የሚያመሳክር ሰው በስም ይመደብ። ቋሚውን ፓምፕ በመጀመሪያው ዓመት ከ40 ሊትር በታች፣ ለምሳሌ በ30 ሊትር ያስጀምሩት። የላይኛው ፒዞሜትር የዝናቡን ወቅት ጠብቆ የሚመለስ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት መጠኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከክረምት እስከ ክረምት እየወረደ ከሄደ 30ውም በዝቶበታል።